ወንበሩ የባለሙያ ነው

(የሽቶ ዘይት የሚወጣበት ክፍል። ወፍራም የብረት ታንከር ያጉረመርማል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው «ሊቁ» የተባለው ባለሙያ የክፍሉ ብቸኛ ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። የእህቱ ባል፣ ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ፣ ወለሉ ላይ ከረጢት አጣጥፎ ተቀምጧል።)

አማች፦ በየተራ እንቀመጥ ነው ያልኩት ጋሼ።

ሊቁ፦ ወንበር የባለሙያ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

አማች፦ ጋዝ ነዋ።

ሊቁ፦ አይደለም።

አማች፦ እሺ፣ ፈሳሽ።

ሊቁ፦ እሱም አይደለም። ለስላሳ መጠጥ ላይ አረፋ የሚያስነሳው ጋዝ ሲታመቅና ሲሞቅ የሁለቱንም ጠባይ ይይዛል። እንደ ጋዝ አበባው ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ እንደ ፈሳሽ ዘይቱን አሟሙቶ ይወጣል።

አማች፦ እንደኔ ነዋ። እናንተ ቤት ዕቃ ሲነሳ ቤተሰብ ነኝ፣ ምክር ሲመከር እንግዳ።

ሊቁ፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) ደግሞ አይባክንም። ዘይቱን ጥሎ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ነገም ይሠራል። እንደ ድሮው ቤንዚን ቤንዚን የሚል ማሟሟቻ የለ፣ የሚደፋ ቆሻሻ የለ።

አማች፦ ስለ አበባው ግን ጋሼ...

ሊቁ፦ አታቋርጠኝ። አሠሪያችን ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ዘይት ካላየች ወደ ድሮው እመለሳለሁ ብላለች። ያኔ እኔም አንተም ደጅ ነን።

አማች፦ እኮ፣ ስለ አበባው...

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ተማር። (ከታንከሩ ሥር ያለችውን ብልቃጥ ያያል። ደረቅ ናት።) ምነው አይንጠባጠብም? ሙቀቱ ልክ ነው፣ ግፊቱ ልክ ነው... (ቀስ ብሎ ይነሳል) አበባውን ጨምሬዋለሁ?

አማች፦ አልጨመሩም።

ሊቁ፦ ጉድ ፈላ። ጠዋቱን ሙሉ ባዶ ታንከር ሳሞቅ! እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ከረጢቱ የታለ?

አማች፦ ተቀምጬበታለሁ።

(ተነስቶ ከረጢቱን ያራግፈዋል። አንዲት የደረቀች የጽጌረዳ ቅጠል ብቻ ትወድቃለች።)

ሊቁ፦ አበባውስ?

አማች፦ ክዳኑን ዝጋ ሲሉኝ ባዶ መሆኑን አየሁ። ልናገር ስል ያኔም ዝም በል አሉኝ። ዝም ብዬ ጨመርኩትና ዘጋሁት።

(ብልቃጧ ውስጥ አንድ ወርቃማ ጠብታ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ሌላ። ክፍሉ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። በኮሪደሩ የአሠሪያቸው ጫማ ይሰማል። ሊቁ ወንበሩን ወደ አማቹ ይገፋዋል።)

ሊቁ፦ ቁጭ በል። የባከነ ነገር አለ ወይ ብላ ብትጠይቅስ ምን እንላታለን?

አማች፦ (ተመቻችቶ እየተቀመጠ) ከእርስዎ ትምህርት በቀር ምንም።