የነፍሳት ፎቶ

ፌንጣ ፊት ለፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስትዘል አላልኩም። ቁጭ ብላ ስታኝክ፣ ዓይን ለዓይን። ካላያችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። የተቆጣች አክስት ነው የምትመስለው።

እኔ ድሮም አርፌ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «የዚህ ልጅ መቀመጫ እሾህ አለበት» ትል ነበር። በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ግብርና ቢሮ የተባይ መከላከል ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ፣ ከወንበሩ ይልቅ ማሳው ተስማማኝ። አንድ ቀን አለቃዬ፣ ለገበሬው ማስተማሪያ የሚሆን የተባይ ፎቶ ያስፈልጋል አሉና አንድ የሩሲያ ካሜራና አንድ ባለ ቀለም ፊልም ሰጡኝ። አንድ! ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ። ሌላ ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አዝመራው አልቆ ይወቃል።

ካሜራው ደግሞ ለሰው እንጂ ለትል አልተሠራም። ቀረብ ሲሉት ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ብሞክረው ብሞክረው እምቢ ሲለኝ ሌንሱን ፈትቼ፣ ገልብጬ፣ በፕላስተር ለጠፍኩት። ወይ ጉድ! ቁንጫ የምታህል ጥንዚዛ በሬ አክላ መጣች። ጀርባዋ ሰማያዊ ነው ስትሉ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው ስትሉ ወርቅ። ይህን ሁሉ ቀለም ለብሳ እበት ውስጥ ትኖራለች!

አበድኩላችሁ። ምሳ መብላት ተውኩ። በደረቴ እየተሳብኩ ገብስ ውስጥ እውላለሁ። ትንፋሼን ይዤ ላነሳ ስል ንፋስ ይመጣል። ንፋሱ ሲቆም እሷ ትዘላለች። እሷ ስትቆም የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። እንዲያም ሆኖ በሦስት ሳምንት ሠላሳ አምስት አነሳሁ። አንዲት ቀረችኝ።

ያቺን አንዲቷን ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ገጠር፣ ጋፋት ሄድኩ። ቢሮው ደብዳቤ ጽፎልኛል፦ «ባልደረባችን የነፍሳት ፎቶ ለማንሳት ስለሚንቀሳቀሱ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው።» ማኅተም አለው። ምን ያስፈራኛል?

ያስፈራል እንጂ! እኛ ቢሮ ተቀምጠን ነፍሳት የምንለውን፣ ጋፋት ማን ነፍሳት ይለዋል? እዚያ ፌንጣው ፌንጣ፣ ተምቹ ተምች፣ ትሉ ትል ነው። ነፍሳት ማለት ቄሱ በፍትሐት የሚያስቧቸው ናቸው። የሞቱት።

ደብዳቤውን የተቀበለኝ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ጓድ መኳንንት እንበለው። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው የሚያነበው። «ነ… ፍ… ሳት» ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ካሜራዬን ከአንገቴ አወለቀ። ይህ ሰው በዚያ ክፉ ጊዜ ጠቁሞ ያስወሰዳቸው ሦስት ሰዎች ቤታቸው እንዳልተመለሱ በሹክሹክታ ይወራል። እና የሙታን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደጁ ድረስ ሲመጣበት ምን ይበል?

«የነማን ነፍሳት?» አለኝ።

«የገብስም፣ የጤፍም፣ ያገኘሁትን ነው» አልኩት።

«ጤፍ ነፍስ አለው?»

«ጤፉ ላይ ያሉት ናቸው እንጂ!»

«ጤፉ ላይ እነማን አሉ?»

ወይ ጣጣ! እግሬ አላርፍ አለኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መሬቱን እደልቃለሁ። ለምን ትንቀጠቀጣለህ ይለኛል። ተፈጥሮዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ነፍስ የሚባል ነገር የለም፣ የአድኃሪያን ወሬ ነው ብሎ ተቆጣ። ወዲያው ደግሞ የለም ያለውን ነገር ለማየት የካሜራውን ክዳን ሊከፍት ጀመረ። ጮህኩ። ብርሃን ከገባ የሦስት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ እኮ! መጮኼ ነገሩን አባሰብኝ። የምደብቀው እንዳለኝ ቆጠረው።

ጩኸቴን ሰምቶ ሰው ተሰበሰበ፤ አንድ ሽማግሌ ቄስም ተጠሩ። ነገሩን ሲሰሙ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ነፍስ ረቂቅ ናት፣ አትታይም፣ አትዳሰስም፣ ይህ ሰው አነሳኋት ካለ ውሸታም ነው ብለው ሄዱ። ጠበቃ አገኘሁ ብዬ ስጠብቅ፣ በአንድ ጊዜ አድኃሪም ውሸታምም ሆንኩ።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ እየለመንኩ፣ «ከመክፈትዎ በፊት በዚች ቀዳዳ አንዴ ይዩልኝ።» ደጁ ካለው ገብስ ላይ አንዲት ፌንጣ ተቀምጣለች። ሰውዬው ተንበረከከ። ዓይኑን አስጠጋ። «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ በቂጡ ወደቀ። ጣቱ ቁልፉን ነክታው ኖሮ፣ ቀጭ! ሠላሳ ስድስተኛዋን እሱ አነሳት።

«ይሄ ነው ነፍሳት?»

«ይሄ ነው፣ ጓድ።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀና ተበተነ። እሱ ግን አልሳቀም። ካሜራውንም አልሰጠኝም። ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ፣ ካሜራዬን በሌላው አንጠልጥሎ ልሸኝህ አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ሽኝት ያውጣችሁ! ተከተልኩት። ሰው የማይታይበት መንገድ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰውስ? የሞተ ሰው ነፍስ በዚህ ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«ከሰው ኋላ ቢቆምም?»

«ቢቆምም አይወጣም፣ ጓድ።»

«ተመስገን!» አለ።

ካሜራዬን በገዛ እጁ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ከአፉ ያመለጠችው የ«ተመስገን» ቃል ለራሱ የታወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ደንገጥ ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ። ማንም የለም። የሰማነው እኔና ነፍሳት ብቻ ነን።