የይመር ልጅነታችን

ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይላሉ። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ጥሩው ወሬ ነው። እስቲ እናንተም ቅድመ አያቶቻችሁን አስቡ፤ ፈሪ አለባቸው? ሰነፍ፣ ሌባ፣ ጎረቤቱን ሲነዘንዝ የኖረ አለባቸው? የለም። ሁሉም በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ አሽከር አስከትሎ ነው የሚሄደው። የሁላችንም አያት ጌታ ከነበረ ታዲያ ያን ጊዜ ማን አረሰ? ይህን ባልሁ ቁጥር ልጆቼ መጠርጠር ትወጃለሽ ይሉኛል። ይበሉኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የልጅ ልጄ ዘነቡ ከጅዳ ተመልሳ፣ መካነ ሰላም ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍታ ተቀምጣ ሳለ አንድ የወግዲ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ሽማግሌ ላከ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሁለቱ እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። የእኛን ወገን የሚቆጥረው ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ነው። ደምሴ የአገሩን ዘር ሁሉ በቃሉ የያዘ፣ ስንቱን እጮኛ ያለያየ ሰው ነው። እሱ ሊቆጥር ሲቀመጥ የሙሽራ እናት ልብ ይወርዳል።

ያን ዕለት ከዘነቡ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣና አያታችን ተሰማ ላይ ደረሰ።

"ተሰማ ይመር" አለ ደረቱን ነፍቶ።

የልጁ አጎት ቀና አለ። "የትኛው ይመር? ወግዲ የተቀበረው?"

"እሱው ነዋ። ሌላ ምን ይመር አለ?"

"እንግዲያማ የእኛም አያት ነው።"

ዘነቡ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ በጓሮ በር ወጣች። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሱ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የልጁን ወገኖች ነው። ዓረብ አገር የኖረች ሴት ስሟ ከሰው አፍ አይወርድም፤ ልጅቱን ጠልተው በይመር ያሳበቡ መሰለኝ። ዘነቡ ደግሞ ወረቀት ታምናለች፤ ቄሱን ለምና የደብሩን የሙታን መዝገብ አስገለጠች። ምን ይገኛል? ሙት የሚጻፈው በክርስትና ስሙ ነው፤ ግማሹ አገር ወልደ ማርያም፣ ግማሹ ወለተ ኪዳን። "እምዬ፣ ይመር የሚባል ሰው የሞተም የለ" ብላ እየሳቀች አለቀሰች።

ለቅሶዋ ሲበዛብኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወግዲ ወረድሁ። የልጁ አያት እህት አሉ፤ እስላም አግብተው እመት ዘሀራ የተባሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው አልደከመም።

"ከማን ነኝ አልሽ?"

"ከተሰማ ይመር።"

"ወላሂ፣ ይመር ወንድ አልወለደም። ሁለት ሴት ብቻ። ተሰማ ማለት ያ ምስክር ይዞ መጥቶ መሬታችንን የተካፈለው አይደለም?"

ያኔ ገባኝ። በዱሮ ጊዜ ርስት የሚገኘው የአያት ስም በመጥራት ነበር። ጠርቶ ምስክር ያቆመ ይካፈላል። አያቴ ተሰማ የሰው አባት ጠራ።

እንደተመለስሁ ደምሴን ለብቻው ያዝሁት። "ታውቅ ነበር?"

መሬት መሬት አየ። "አባታችን ነግሮኛል። ለሴት አትንገር ብሎ።"

"የተሰማ አባት ማን ነው?"

"ገብሬ የሚባል ቅጥር አራሽ። ከማሻ በኩል የመጣ። እትዬ፣ ዘር አዋቂ ስባል ኖሬ የገዛ ዘሬ ውሸት ነው ብዬ በየት በኩል ልቁም?"

"በዘነቡ በኩል ቁም።"

ገብሬ። ስሙን እስከዚያች ቀን ሰምቼው አላውቅም። የሰው ማሳ ሲያርስ ኖሮ ሞተ፤ ልጁ መሬት እንዲበላ የሱ ስም ተበላ። በቤታችን በይመር ያልማለ፣ በይመር ያልፎከረ የለም፤ ለገብሬ ግን ነፍስ ይማር ያለለት አንድ ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ ቄሱን ጨምረው እንደገና ተቀመጡ። ደምሴ ቆመና፣ "ይመር አያታችን አይደለም። ተሰማ የገብሬ ልጅ ነው" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የልጁ አጎት ወደ ደምሴ ዞረ። "እንግዲያ መሬታችንን በምን በላችሁት?"

ሴት በሽማግሌ መካከል አትገባም፤ እኔ ግን ገባሁ። "ምረጥ እንግዲህ ወንድሜ። ዘመድ ከሆንን ልጅህ ሚስት የለውም። ካልሆንን ሌቦች ነን።"

አጎትየው የወንድሙን ልጅ ዞር ብሎ አየው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሌቦች ሁኑ" አለ አጎትየው።

ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ከገብሬ ተነስተው ቢቆጥሩ ከወግዲ ሰው ጋር የሚያገናኝ ጠፋ፤ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ።

ደምሴ ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል ብሎ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ተሳስቷል። ዛሬ ከደጎሎ ሳይቀር ይመጡበታል፤ ሰባት ቤት የለያያቸው ልጆች ያሏቸው እናትና አባት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እስቲ ከእኛም መካከል የእኛ ያልሆነ አያት ካለ ፈልግልን" ይሉታል። ሲደምር ይፈራ የነበረ ሰው ሲቀንስ ተወደደ።

ብዙ ጊዜም ያገኝላቸዋል። የሚያገኘው ሁሉ እውነት ይሁን አይሁን አልጠይቀውም። ሰርግ እወዳለሁ።