ድረ ገጽ የሚያዝልን ሰው

ጠቃሚ ድረ ገጽ የሚጠቁማችሁ ወዳጅ አላችሁ? ከሌላችሁ ደባርቅ ኑና የኛን ፈንታሁንን ውሰዱልን። እንቅልፍ እምቢ ላለው፣ ጠላዋ ለኮመጠጠባት፣ ከአማቱ ለተጣላ፣ ለሁሉም የሚያዘው ድረ ገጽ አለው።

ባለፈው የጎረቤታችን የጋሼ መኳንንት በቅሎ ማነከስ ጀመረች። በማግስቱ የቱሪስት ጓዝ ተጭና ስሜን ተራሮች ላይ ወዳለው ጨነቅ ሰፈር ካልወጣች ተራቸው ለሌላ ባለበቅሎ ሊተላለፍ ነው። ፈንታሁን ስልኩን አወጣ።

«የታመመ እግር ከልብ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ ይላል። ትራስ አምጡ!»

እኔ መቼም የተጻፈ ነገር አከብራለሁ፤ ግን ለማን እንደተጻፈ ማየት እወዳለሁ።

«ስለ በቅሎ ነው የሚለው?» አልኩት።

«እግር እግር ነው፣ እትዬ!»

ጋሼ መኳንንት ጨንቋቸው ትራሱን አመጡ። ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ የኋላ እግሯን ሲያነሳ በቅሎዋ አንድ እርግጫ ብታቀምሰው አጥር ሥር ተገኘ። ለካስ እንድታነክስ ያደረጋት ሰኮናዋ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ኖሯል፤ በእርግጫው ተፈናጥሮ ወደቀ።

«ይኸን ለእሷም አንብበህላት ነበር?» አሉት ጋሼ።

በማግስቱ በቅሎዋ ጓዙን ተጭና ቀጥ ብላ ወደ ጨነቅ ወጣች። ፈንታሁንም እያነከሰ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ፤ በቅሎ ያዳነ ድረ ገጽ ሊጠቁመን።