ሽማግሌ የተላከበት ኩባንያ

ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ማማት ፋሽን ሆኗል አይደል? እኔ ግን ዛሬ ለአንዱ ጥብቅና ልቆም ነው። ቆይ፣ አትሳቁ! አፕ ሁሉ የሚወርደው ከእሱ ነው፤ ስሙን ታውቁታላችሁ። ሰው ገና ስሙ ሲነሳ ሌባ ነው፣ ትንንሹን ሠሪ ይጨፈልቃል ይላል። ውሸት! በእኔ ደርሶ አይቻለሁ።

ሸዋ ሮቢት ተቀምጬ፣ ላቤን በፎጣ እየጠረግኩ፣ የሽንኩርትና የማሾ ዋጋ በየቀኑ የሚናገር አፕ ሠራሁ። ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ የጎረቤታችንን የጀውሃንም የእኛንም ገበያ ያያል። ደላላ ዋጋ ሲያሳንስበት ስልኩን አውጥቶ ያሳየዋል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር።

ታዲያ ማሾ በሚሰበሰብበት ሰሞን ኩባንያው አፑን ዘጋው። "ደንብ ጥሷል" የምትል አጭር መልእክት ብቻ መጣች። ክው አልኩ። ድካሜም ስሜም አብረው ገደል ሊገቡ!

ማሾ ነጋዴው ሐጂ ይማም ይህን ሲሰሙ፣ "ሽማግሌ ይላክበታ!" አሉ። ሐጂ፣ ኩባንያው እኮ ባሕር ማዶ ነው ብላቸው፣ "ታዲያ የሚሠራበት ሰው አይደለም? ሰው ከሆነ ሽማግሌ ያከብራል" አሉኝ። ሽንኩርት አምራቹን ጋሽ ተሾመን ጠሩና እየተቀባበሉ አስጻፉኝ። ልጃችን ጨዋ ነው፤ የሰው ነገር ሳያስፈቅድ ነክቶ አያውቅም፤ ዋሶቹ እኛ ነን። ፈረሙበት፤ ፎቶ አንስቼ ላክሁት።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ! ያውም አፕ ሠሪዎችን የምትረዳ፣ ስሟን የጻፈች ሴት ናት የመለሰችው። ሽማግሎቹን በአክብሮት ሰላም ብላለች። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ሐጂ ሱቅ በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። አፑ ግሩም ነው ትላለች! ችግሩ አንድ ብቻ ነው። በተጠቃሚው ስልክ ያለውን የዘመድ ወዳጅ ቁጥር ሁሉ ሳያስፈቅድ ይወስዳል። እንዴት እንደማስተካክለውም አንድ በአንድ ጽፋልኛለች።

ሐጂ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"የእኔንም ቁጥሮች?" አሉ ሐጂ።

እውነቴን ነው፣ ለክፋት አልነበረም። ለዒድና ለፋሲካ የደንበኞቼን ዘመድ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ልል ነበር! ጋሽ ተሾመ ግን፣ "እኛ እኮ ዋስ ሆነንልሃል፤ በማናውቀው ሰው ፊት አዋረድከን" አሉኝ። አፈርኩ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የተባልኩትን አስተካከልኩ፤ አፑ በማግስቱ ተከፈተ። አያችሁ? ኩባንያው ጥፋቴን ነግሮ፣ መንገዱን አሳይቶ፣ ሥራዬን መለሰልኝ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ሽማግሎቹ ደግሞ ከእኔ ብሰው የኩባንያው ደጋፊ ሆኑ። ተቀምጠው ፈረዱ፤ ኩባንያው ንጹሕ፣ አጥፊው እኔ፣ ለእርቁ ፍየል ይታረድ። ይሁን ብዬ አንድ የሰባ ፍየል ጎትቼ መጣሁ። ሐጂ ዞረው ዞረው አዩትና፣ "ማሻአላህ! ይሄ የእኛ የእስላሞቹ ነው። የእነጋሽ ተሾመስ የታል?" አሉኝ።

ያ ጨካኝ የምትሉት ኩባንያ እንኳ አንድ ጥፋት ብቻ ነው የቆጠረብኝ!