የቀድሞ አለቃዬና ያልተለጠፈው ጽሑፌ

ሰው ሥራ ሲለቅ ባዶ እጁን አይወጣም። አንዱ የሥራ ልምድ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ አንዱ የወገብ ሕመም፤ አንዱ ደግሞ የመጋዘን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ይወጣና መሥሪያ ቤቱን ሲያምስ ይከርማል። ሁላችንም ሳንረሳ ይዘነው የምንወጣው ግን ለአለቃችን ሳንነግረው የቀረነውን ነገር ነው። ድሮ ሰው ይህን ነገር ጠላ ቤት ይዞት ይሄድና አንድ ሁለቴ ያወራዋል፤ አድማጭ ሲሰለቸው እሱም ይተወዋል። ዛሬ ስልክ አለ። ስልክ አይሰለችም። እንዲያውም ገና ፌስቡክ ስትከፍቱበት «ምን እያሰቡ ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። በአንቱታ። እኔን ቤቴ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ፣ ጥያቄውን እንደ ዋዛ ማለፍ አልቻልኩም።

የእኔ አለቃ ጋሽ ጌታሁን ይባላሉ። እዚሁ ደብረ ታቦር የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ሲሚንቶ። ባንኮኒያቸው ላይ ቆሜ ለብዙ ዓመት ሸጫለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን የምላችሁ አሁን ነው፤ ያኔ ብትጠይቁኝ ሌላ ነበር የምላችሁ። ሠራተኛ ሲታመም ራሳቸው ሐኪም ቤት ያደርሳሉ፤ በዓል ሲመጣ ማንንም አይረሱም። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፤ በሥራ ቀን ቀብር የለም። «የሞተ ሰው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ አይቆጥርም። እሑድ ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱ» ይሉን ነበር።

እውነት ነው፣ የሞተው አይቆጥርም። የቆሙት ግን ይቆጥራሉ፤ ያውም አንድም ሳይስቱ። እኛ ዘንድ ሠርግ የቀረ ሰው ይታማል፣ ይወቀሳል፣ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል። ቀብር የቀረ ሰው ግን የራሱ ቀብር እስኪደርስ ድረስ ሲነሣበት ይኖራል።

ያሳደገችኝ አክስቴ አንበሳሜ ከተማ ያረፈችው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ሲሚንቶ የሚራገፍበት ቀን ነበር። ጋሽ ጌታሁን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «እግዜር ያጥናህ፤ እሑድ ትሄዳለህ» አሉኝ። እሑድ ሄድኩ። አጎቴ ከተቀመጡበት መደብ ቀና ብለው አዩኝና «መጣህ? ዐረብ አገር ኖረሃል እንዴ?» አሉኝ። ከደብረ ታቦር አንበሳሜ በሚኒባስ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። አለቀስኩ። ለአክስቴ ይሁን ለራሴ ግን ዛሬም ድረስ አልለየሁትም። ብዙም ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅኩና ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ገባሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኬ የተለመደ ጥያቄውን ሲጠይቀኝ መለስኩለት። ራሴን ማመስገን ስለማልወድ ነው እንጂ ጽሑፉ ግሩም ነበር። «ሬሳ የማያከብር ነጋዴ» ብሎ ይጀምራል፤ መካከል ላይ «ልቡ ከሚሸጠው ሲሚንቶ የባሰ የደረቀ» የሚል አለበት፤ መጨረሻው ላይ ሕዝቡ ለሌላው እንዲያጋራው አደራ ይላል። አክስቴ ወደ ማብቂያው ገደማ በአንዲት አንቀጽ ብቅ ብላ ትመለሳለች። ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ሁሉም «ለጥፈው እንጂ!» አሉኝ። ልብ በሉ፣ «በእኔ ስም ልለጥፍልህ» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ሌላ አድናቂ ፍለጋ ለዝናሽም አሳየኋት። ዝናሽ እኔ ስለቅ በእኔ ቦታ የገባች ልጅ ናት፤ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ገና ነው። መንገድ ዳር ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ፊቷ ላይ ግን የጠበቅኩት ፈገግታ አልመጣም።

«አንተ ለጥፈህ እቤትህ ትተኛለህ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ባንኮኒው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ማን ነገረው ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው።»

«እና ዝም ልበል?»

«ዝም በል አላልኩህም።» ስልኩን መለሰችልኝና ነጠላዋን አስተካከለች። አባቷ ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አልጋ ላይ እንደዋሉ ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። «የእናቴን ቀብር ባሕር ከለከለኝ። አሁን አገሬ ገብቼ የአባቴን ደግሞ ባንኮኒ እንዳይከለክለኝ ነው የምፈራው። ሥራውንም ልተወው አልችል፤ መድኃኒታቸው በእሱ ነው።»

አንጀቴን በላችው፤ እጄ ላይ ያለው ጽሑፍም አሳፈረኝ። ብለጥፈው ሥራዋን ታጣለች። ባልለጥፈው ደግሞ እኔ የቀመስኩትን እሑድ እሷም ትቀምሰዋለች። ከሰዓት በኋላ ነገሩን እያወጣሁ እያወረድኩ ጋፋት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ድሮ መድፍ ይሠራበት በነበረው አገር ዛሬ ሰዎች ገብስ ያርማሉ። እኔ ብቻ ኪሴ ውስጥ መድፍ ይዤ ስዞር ዋልኩ፤ ማንም ግን ምንድን ነው የያዝከው ብሎ አልጠየቀኝም። እንደ ሄድኩ ተመለስኩ።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብኩት አቅጣጫ ነው። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው የመድኃኔዓለም ማኅበር አለኝ፤ በየወሩ ተራ የደረሰው ይደግስና ጽዋ እንጠጣለን። ጋሽ ጌታሁንም የዚያው ማኅበር አባል ናቸው። ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ እሳቸውን ላለማየት አንዴ ራስ ምታት፣ አንዴ የወር መጨረሻ ቆጠራ እያልኩ ባለቤቴን እልክ ነበር። የዚያን ወር ግን ተራው የእኛ ሆነ። ከገዛ ቤቱ በራስ ምታት የሚቀር ሰው አይቼ አላውቅም።

የማኅበሩን አለቃ ሙሴ እንለዋለን፤ የእኛ ሙሴ አያ ውቤ ናቸው። የጽዋ ደንብ ደግሞ አንድ ነገር አይምርም፤ ቂም የያዘ ሰው ካለ ሳይታረቅ ጽዋው አይቀመስም። ስለዚህ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ አያ ውቤ በየወሩ «ቅር የተሰኘ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በየወሩም ማንም አይናገርም። ሰው ሁሉ ተፋቅሮ ሳይሆን ጠላው እየተጠበቀ ስለሆነ ነው። የዚያን ቀን ግን እኔ ተነሣሁ። እኔም ደነገጥኩ።

ስልኬን አውጥቼ ጽሑፌን ላነብ ከፈትኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ያ ሁሉ ቃል ስልክ ላይ ሲጻፍ አፍ ነበረው፤ ጋሽ ጌታሁን እፊቴ ቁራሽ ዳቦ ይዘው ተቀምጠው ሲያዩኝ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። «ሬሳ የማያከብር» የሚለውን አለፍኩት። ሲሚንቶውንም አለፍኩት። አጋሩ የሚለውንማ ለማን ልበለው፣ ሁሉም እዚያው ተቀምጧል። እያለፍኩ እያለፍኩ ስሄድ የቀረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ሆነች።

«ጋሼ፣ አክስቴን አላስቀበሩኝም» አልኩ። የዝናሽን ስም አላነሣሁም።

ጋሽ ጌታሁን ዳቦውን ከፊታቸው አኖሩና ረጋ ብለው መለሱ። እውነት ለመናገር ባዶ መልስ አልነበራቸውም። «በዚህ ከተማ ቀብር የሌለበት ቀን አለ?» አሉ። «ለሁሉም ልፍቀድ ካልኩ መደብሩ ተዘግቶ ሊውል ነው። ደንበኛ ዘግቶ ያገኘኝ ለት ባሕር ዳር ሄዶ ይገዛል፤ በዚያው ይቀራል። ያን ጊዜ እኔም እነሱም ሥራ የለንም።» አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ልነቀንቅ ምንም አልቀረኝ።

አያ ውቤ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ ጌታሁን» አሉ። «አንተ ረቡዕ ብትሞት፣ እሑድ ነው የምንቀብርህ?»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ጋሽ ጌታሁን ላለመሳቅ ትንሽ ታገሉና አልቻሉም፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሬሳዬን አደራ፣ ይሸታል» አሉ። ተነሥተው ወደ እኔ መጡ፤ እኔም ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና ሳሙኝ። ያን ዕለት ማኅበርተኛው ምስክር ሆኖ ቃላቸውን ሰጡ፤ ከእንግዲህ ሠራተኛ ዘመድ ሲሞትበት ሥራ ቀን ነው ተብሎ አይከለከልም። ጽዋው ዞረ። የባለቤቴ ጠላ እንደዚያ ቀን ጥሞኝ አያውቅም።

ይህን ስላችሁ አለቃችሁን በፌስቡክ አትንኩ ማለቴ አይደለም። ማኅበር የሌለው አለቃ አለ፤ ሙሴም ቄስም የማይሰማ አለ፤ ለእንደዚያ ያለው አደባባይ ይሻለው ይሆናል። የእኔን ጽሑፍ ራሱ አልሰረዝኩትም። ስልኬ ውስጥ እንደ ረቂቅ ተኝቶ ቀረ፤ ማን ያውቃል ብዬ።

ወራት አለፉ። አንድ የሥራ ቀን ጠዋት እቤቴ ቧንቧ ፈነዳ። ጓዳው ወንዝ ሆነ፤ ባለቤቴ በባልዲ ትቀዳለች፣ እኔ አዲስ ቧንቧ ልገዛ ወደ ጋሽ ጌታሁን መደብር እሮጣለሁ። ዝግ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ቀን፣ ዝግ። በሩን ደበደብኩ። ደሜ ፈላ። ስልኬን አወጣሁ፤ ሕዝብ የሚያገለግል መደብር እንዲህ ይዘጋል ወይ ብዬ ልጽፍ ነው። ስከፍተው ያ አሮጌ ረቂቅ ድቅን አለ፤ «ሬሳ የማያከብር ነጋዴ»።

ጎን ያለው ልብስ ሰፊ አንገቱን አወጣ። «አልሰማህም እንዴ? የዝናሽ አባት አርፈዋል፤ ቀብሩ ሐሙሲት ነው። ጋሽ ጌታሁን ሠራተኛውን በሙሉ በመኪናቸው ጭነው ነው የሄዱት።»

ቆምኩ። ወደ ቤቴ አየሁ፣ ወደ መናኸሪያው አየሁ። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ ረቂቁን ከፈትኩና የአክስቴን አንቀጽ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩት።

ስደርስ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሷል። ዝናሽን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል፤ የምታለቅሰው ግን አባቷን ብቻ አልነበረም። እናቷንም በስማቸው እየጠራች፣ ያኔ ያላለቀሰችላቸውን ሁሉ አንድ ላይ ነበር የምታለቅሰው። ማንም ዝም በይ አላላትም። ጋሽ ጌታሁን ጋቢያቸውን አጣፍተው ከወንዶቹ ጋር ቃሬዛውን ይዘዋል። ሲያዩኝ በዓይናቸው ና አሉኝ፤ ሄጄ ከጎናቸው ትከሻዬን አስገባሁ። ከባድ ነበር፤ ልቤ ግን እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ቀብሩ ሲያበቃ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«የት ነህ አንተ ሰው? ውኃው ሳሎን ገባ እኮ!»

«ቀብር ላይ ነኝ።»

«ቀብር? ቧንቧ ልገዛ ብለህ አልነበር የወጣኸው? መደብሩስ?»

ወደ ጋሽ ጌታሁን ዞር ብዬ አየሁ። ከዝናሽ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውኃ እያጠጧት ነበር።

«መደብሩም እዚሁ ነው» አልኳት።