አማልክቱን የገዘትኩ ቀን

እስቲ ንገሩኝ፤ የግሪክን አማልክት የዘር ሐረግ ለመሪጌታ ልጅ ማስተማር የማን ሐሳብ ነበር?

ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ህንዳዊ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ትዕግሥቱ ከቁመቱ ያጠረ። ግማሹን ዓመት የእንግሊዝን ግጥም፣ ግማሹን የጥንት አማልክትን ያስተምረናል። እንግሊዝን እሱም አላያት፣ እኛም አላየናት፤ ተማምነን እንማራለን። አንድ ቀን ለወፍ የተለቀሰበት ግጥም አነበበልንና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሳንጃ የመጣ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ወፏ የማንን ማሽላ በልታ ነው ብሎ ጠየቀ። ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሂስ አንብቤአለሁ፤ የሱን ያህል ነገሩን የነካ አላገኘሁም።

አማልክቱ ግን ሌላ ናቸው። አንዱ ልጆቹን ይውጣል። አንዱ እህቱን ያገባል። ሌላው ሲቆጣ መብረቅ ይወረውራል። በሰፈራችንም እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው መብረቁ ብቻ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ትምህርት ማለት ጮክ ብሎ፣ እየተወዛወዙ፣ በቃል መያዝ ነው። ግቢ ተቀምጬ የአማልክቱን ስም ስደረድር እናቴ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን ወረወረችው።

«ምነው መሪጌታ! ልጅዎ አጋንንት በስም እየጠራች እርስዎ ዳዊት ይደግማሉ?»

አባቴ ወጣ። እነማን ናቸው አለኝ። ልጅ የሚውጠውን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኩት። መጽሐፉን ያቃጥለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምን በወጣው! ሊቅ አይደል?

«ሸጋ ነው፣ ዕወቂያቸው» አለ። «ግን ጋኔን በስሙ ተጠርቶ እንዲሁ አይለቀቅም። ይታሰራል እንጂ።»

ለእያንዳንዱ ስም ማሰሪያ አበጀልኝ። ስሙን እጠራለሁ። ወዲያው «በስመ ሥላሴ ታስረሃል፣ ተገዝተሃል!» እላለሁ። እሱ «አሜን» ይላል። ስሙና ግዝቱ አንድ ላይ ገቡ። በቃል የተያዘ ነገር ደግሞ እንደ ተልባ ነው፤ ከተጣበቀ አይላቀቅም።

በዓመቱ መጨረሻ ውድድር መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፤ አማልክቱን በእንግሊዝኛ አሳምራ ያወራች እንግሊዝ አገር ሄዳ ትማራለች። ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ የጉምሩኩ ሹም ልጅ አስናቀች። አስናቀች ባትሄድ ምን ይቀርባታል? እኔ ካልሄድኩ ግን ለዲያቆን እዳራለሁ። ዲያቆኑም ተመርጧል። ጥርሱን አይቼዋለሁ።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን አምላክ ጠራሁ። አፌ አልቆመም፤ ታስረሃል፣ ተገዝተሃል ብሎ ጨረሰው። ከኋላ ወንበር አንድ ነጭ ጥምጥም ተነሣ።

«አሜን!»

አባቴ ነው።

ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ሁለተኛውን ስሙን ብቻ ልበል ብዬ ታገልኩ። ብቻውን አልወጣም አለ። እሱም ታሰረ። «አሜን!» ህንዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አስናቀች ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የፍቅር ሴት አምላክ ጋ ስደርስ አዳራሹ በሙሉ ከአባቴ ጋር አሜን ይላል። እንዲህ ያለ ቅዳሴ ጎንደር ሰምታ አታውቅም።

አስናቀች አሸነፈች። አንዱንም ሳታስር፣ እንደተፈቱ ለቀቀቻቸው።

እሷ በአውሮፕላን ሄደች። እኔ ከዲያቆኑ ሸሽቼ በሱዳን ወጣሁ። ለንደን የሰው አሮጊት ስጠብቅ አረጀሁ። አሮጊቶቹ ሲተኙ መደርደሪያቸውን አነበብኩ፤ አማልክቱንም፣ የወፏንም ግጥም። አወቅኩ። ለማን እንደምነግረው ግን አላወቅኩም።

ዘንድሮ ተመልሼ መጣሁ። አስናቀችም ተመልሳ አዘዞ ቤት ሠርታለች፤ ምሳ ጠራችኝ። ዶሮው ሸጋ ነበር፣ አልዋሽም። እግሩን ስታጎርሰኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ልጅነት ነው እታለሜ። ስለሳቅሁብሽ ይቅር በዪኝ።»

አኘክሁ።

«እኔንስ ተዪኝ፣ አባትሽንስ? እሳቸውን አሜን ያሰኛቸው ፍቅር ነበር እኮ። ላንቺ የሚጸልዩ መስሏቸው ነው። ለነፍሳቸው ስትዪ!»

ፍቅር እንደነበረ አጣሁት? የጠላት ሳቅ ይረሳል። ከኋላ ወንበር ተነሥቶ በሙሉ ልቡ የሚያጠፋሽን ወዳጅ ግን ምን ታደርጊዋለሽ? ሰው ሁሉ ይቅርታ ልብን ያቀላል ይላል። የኔ ልብ ክብደቱን ለምዶታል፤ ቢቀልም ነፋስ ይወስደዋል።

«ነፍሱን እግዜር ይማር፤ ምሕረት የእግዜር ሥራ ነው» አልኳት። «እኔ ግን አንቺንም፣ ህንዱንም፣ አባቴንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»