ጉማሬውና የአስቴር ሜሎን

ፍርሃት የሚያድርበትን ቤት ይመርጣል። አንዳንዱ ሰው ጋ በእንግድነት ይገባል፤ ውሃ ጠጥቶ ይወጣል። እኔ ጋ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ከገባ ቆይቷል። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» ሲባል ሰምታችሁ ስቃችሁ ይሆናል። እኔ አልስቅም። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወርድበት በኩል። እኛ ዘንድ ውሃ ውስጥ የማያልበው፣ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ያልተነገረው ሰው ብቻ ነው።

አዞውን እንኳ ተዉት። አዞ ሥጋ በል ነው፣ ሐሳቡ ይታወቃል፤ ከዳር ራቅ ካላችሁ እሱም ይተዋችኋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሣር በሊታው ነው። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ሲግጥ ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ሰው አይበላም። ነገር ግን በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ነገር አይወድም። ባለፈው በጋ ከእኛ በታች ያለ አንድ ገበሬ ሙዙን ውሃ ሊያጠጣ በማለዳ ወርዶ፣ እግሩ ተሰብሮ በሸክም አወጡት። አላየውም ነበር። «ያን የሚያህል ነገር እንዴት አይታይም?» ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር።

እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ነው እንግዲህ ባለቤቴ በማለዳ ካልሆነ የማይሠራ ሥራ የመረጠችው።

አስቴር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ጓሮዋ ውስጥ ግን ሜሎን ታዳቅላለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ሐብሐብ» ይለዋል፤ እሷም «ሐብሐብ አይደለም፣ ሜሎን ነው» ስትል ትኖራለች። ነገሩ የተጀመረው በብስጭት ነው። የጓሯችን ሜሎን ጣዕሙ ማር ነበር፤ ቆዳው ስስ በመሆኑ ግን በጋሪ እየተንገጫገጨ ገበያ እስኪደርስ ይሰነጠቃል። እህቷ ከዝዋይ ያመጣችላት ዘር ደግሞ ቆዳው እንደ ቆርቆሮ ነው፤ ጣዕሙም እንደዚያው። «ሁለቱን ላጋባቸው» አለች። እኔ የቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጋብቻው እንዲህ ነው የሚፈጸመው። በዋዜማው ያልፈነዳ፣ ፍሬ የሚይዝ አበባ ትመርጥና ውስጡ ያለውን የወንዴ ክፍል በወረንጦ ለቅማ፣ ንብ እንዳይቀድማት በሻሽ ቁራጭ ትሸፍነዋለች። በማግስቱ ጠዋት ሻሹን ገልጣ የሌላኛውን ዘር ወንዴ አበባ ታሽበታለች። ከዚያ ቀይ ክር ታስርበታለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም አንድ መልክ ሆነው ወጡ። የልጅ ልጆቹ ግን እንደማንኛውም ትልቅ ቤተሰብ ሆኑ፦ አንዱ ጣፋጭና ልፍስፍስ፣ አንዱ ደንዳናና ጎምዛዛ፣ አንዱ ደግሞ በማን እንደወጣ የማይታወቅ። ከዚያ ሁሉ መካከል በአንድ ሐረግ ላይ የፈለገችው ተገኘ። ቆዳው ጠንካራ፣ ውስጡ ማር! ሐረጉ ከያዛቸው ሁለት ፍሬዎች አንዱን ቀምሰን አረጋገጥን። የቀረው ሌላው ብቻ ነበር፤ ዘሩ ጠንቶ እንዲበስል በሻሽ ሸፍና ገለባ ላይ አስተኛችው።

«ፀሐይ ትውጣና ትወርጃለሽ» እላታለሁ ሁልጊዜ።

«ፀሐይ ስትበረታ አበባው ይዘጋል።»

«ጉማሬ ካገኘሽ አንቺም ትዘጊያለሽ» ልል እልና እውጠዋለሁ። ክፉ ቃል ጠዋት አይወጣም።

አንድ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ወንዙ ላይ ጉም ተኝቷል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መፋቂያዬን ይዣለሁ። አስቴር ከጓሮው ግርጌ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተንበርክካለች። በእኔና በእሷ መካከል፣ ማንጎ ዛፋችን ሥር፣ ጭቃ የመሰለ ትልቅ ድንጋይ አለ። ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ያወጣው መስሎኝ፣ «እንዴት አድርገን ነው የምናነሳው?» እያልኩ ነበር።

ድንጋዩ ጆሮውን አወዛወዘ።

«አስቴር» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ትንፋሽ። ጉማሬው መንገዱን ስቶ ረፍዶበታል፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሯል፤ በእሱና በውሃው መካከል ያለችው ደግሞ ሚስቴ ናት። ዱላ አልያዘችም፤ የያዘችው አበባ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ጋሽ ቶማ አየው። ዕድሜው ባልፈቀደለት ፍጥነት የራሱ ማንጎ ላይ ወጣና ከዚያ ሆኖ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ።

«ሩጪ!» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «አትሩጪ!»

ጋሽ ቶማ በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። በደህናው ቀን ይህ የማንም ችግር አይደለም፤ እኔም አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው። በዚያች ጠዋት ግን ሩጪ የተባልኩት እኔ ልሁን አስቴር፣ አትሩጪ የተባለችውስ ጉማሬዋ ትሁን፣ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

አስቴር ዞረች። አየችው። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሳች። በግራዋ በኩል የሽፈራው ዛፍ አለ፤ ወደዚያ ፈቀቅ ብትል መንገዱን ትለቅለት ነበር። ልትሄድም ነበር። ግን ጉማሬው አንገቱን ደፋና ሜሎኑን መብላት ጀመረ። እኛ ቆሎ እንደምንቆረጥም ነው የሚቆረጥመው። ከሐረግ ሐረግ እያለ ወደ ተሸፈነችው ፍሬ ተጠጋ። አስቴርም እንዳየችው አየሁ። ያን ዓይኗን አውቀዋለሁ፤ ተማሪ መጽሐፍ ሊቀድ ሲል የምታይበት ዓይን ነው። አንድ እርምጃ ተራመደች። ወደ ሜሎኑ!

«ተይው!»

ድምፄ የተመለሰው ያን ጊዜ ነው፤ ባይመለስ ይሻል ነበር። ጉማሬው ቀና አለና አፉን ከፈተ። ያንን አፍ በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ፎቶ ሽታ የለውም።

ሮጥኩ።

ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ «ለሚስቱ ብሎ ጉማሬ ፊት የገባ ወንድ» ይለኛል። ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ቤቱ ከኋላዬ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር፤ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ከተጋባን ጀምሮ ስፈራ የምሸሸው ወደ አስቴር ነው። ያን ዕለት እንደዚያ ፈርቼ ስለማላውቅ፣ እንደዚያ ሮጬም አላውቅም።

ጉማሬውን በጎን አልፌ፣ ክንዷን ይዤ ሽፈራው ሥር ወሸቅኋት፤ እኔም ተከተልኳት። የዛፉ ግንድ የእኔን ክንድ ያህላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከእሱ ኋላ ተደብቀን ቆምን። የልብ ምት ይሰማኛል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። ጉማሬው አፉን ገጠመ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ያቺን ፍሬ ከነሻሿ፣ ከነቀይ ክሯ ወደ አፉ አስገባት። ቆዳዋ በእርግጥም ጠንካራ ነበር፤ ስትሰበር ድምጿ እኛ ድረስ መጣ። ከዚያ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ በአጠገባችን አለፈ፤ እርጥብ ትንፋሹ ሸሚዜን ነካው። አጥራችንን እንደ ሸረሪት ድር ጥሶ ወረደ። ውሃው ተንቦጫረቀ፤ ዝም አለ።

አስቴር መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

«አይዞሽ፣ ዘሩን እንደገና...» አልኩ።

«የምን ዘር! ልትሞትብኝ ነበር እኮ!» አለችና ደረቴን በቡጢ መታችኝ። አበባው መዳፏ ውስጥ ደቅቆ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ቶማ በበኩሉ የወጣበትን ፍጥነት ለመውረድ አላገኘውም፤ መሰላል ወሰድንለት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጓሮ መውረድ ቀረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አስቴር ማውራት ቀነሰች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመስኮት ጓሮውን ታይና መጋረጃውን ትመልሳለች። ከጉማሬ የማይመጣ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ያዘኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሽ ቶማ በአጥሩ ላይ ጠራኝ። «ነይማ፣ ይቺን እይ!» አስቴርን ይዤ ወረድኩ። ጉማሬው በሚሄድበት መንገድ ዳር፣ በጭራው እየረጨ በበተነው ፋንድያ ላይ፣ የሜሎን ቡቃያ ፈልቷል። የትኛው ከየትኛው ፍሬ እንደወጣ የሚያውቅ የለም፤ የጓሯችንን ሁሉ ነው የበላው። አስቴር ተንበርክካ ቅጠሉን ዳሰሰች። ለብዙ ቀን ያላየሁት ፈገግታ መጣ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ፈገግታው ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁና። አንዱን ነቅለን ቤት ተከልነው፤ ሜሎን ሥሩ ሲነካ አይወድም፤ ጠወለገ። የቀሩት ባሉበት መቅረት ነበረባቸው። ያሉት ደግሞ ጉማሬው መንገድ ላይ ነው። አሁን አብበዋል። አበባ ደግሞ የሚፈነዳው በማለዳ ነው።

እንግዲህ ያቺን ፍሬ እንደገና ለማግኘት በየማለዳው አብረን እንወርዳለን። ጋሽ ቶማ የራሱ ማንጎ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ያይልናል። አስቴር ትንበረከካለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ሐይቁንም ቁጥቋጦውንም፣ ድንጋይ የሚመስለውን ሁሉ እመለከታለሁ።

ትናንት ጋሽ ቶማ ከላይ ሆኖ፣ «አንቺ ግን እዚያ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«እፈራለሁ» አልኩት።

«ሌላስ?»

ወደ አስቴር ዞርኩ። ሻሹን ገልጣ አበባውን እያሸች ነበር።

«ሌላውን እሷ ትሠራዋለች» አልኩት።